ቤቱ ክረምትና በጋ ሳይፈራረቅበት የመጨረሻዋን ክፍያ አትልቀቁ

ስልክ ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጋራንቲ አለው ወይ?» ብለን ነው። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ስክሪኑን አብርቶ፣ ካሜራውን አስነስቶ ካላሳየን ብር ከኪሳችን አይወጣም። ቻርጀሩ ሳይቀር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይሞከራል። ስልኩ ደግሞ ቢበዛ ሦስት አራት ዓመት ነው አብሮን የሚቆየው። ዕድሜ ልካችንን ልንኖርበት የሠራነውን ቤት ግን እንዴት ነው የምንረከበው? ቁልፍ እንቀበላለን፣ ጸበል እናስረጫለን፣ ቡና ይፈላል፣ ግንበኛው ተመርቆ ቀሪ ሒሳቡ ይሰጠዋል። በቃ። ጣራ ላይ የወጣ ሰው የለም፤ ቧንቧ ከፍቶ አሥር ደቂቃ የጠበቀም የለም።

ሰሞኑን ይህን ለጓደኞቼ ሳነሳ «ቤት ደግሞ ጋራንቲ አለው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። አለው። ያውም አሥር ዓመት።

ሕጉ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሠራበት ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንቀጽ 3039 ላይ፣ በእኔ አማርኛ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ ቤት የሠራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ጥንካሬው ለአሥር ዓመት ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ወይም ቤቱ በቆመበት መሬት ጠባይ የተነሳ ቤቱ ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ደግሞ አይጸናም። «የመሬት ጠባይ» የምትለዋን ያዟት፤ ቢቸና ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ፈረንሳዮች ደግሞ የአሥር ዓመት ተጠያቂነትን ከ1804 (እ.ኤ.አ.) የናፖሊዮን ሕግ ጀምሮ ያውቁታል። ሐሳቡ ከዚያም እጅግ ይርቃል። ከሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ፣ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ግድግዳው ካዘመመ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ያጠናክራል። (የቢቸና ግንበኞች ይህን እንዳያነቡ። የሞቱን አልደግፍም፤ የግድግዳውን ግን እደግፋለሁ።)

ታዲያ አሥር ዓመት ካለን ምን ያስቸኩለናል? ሁለት ነገር።

አንደኛው፣ ቤቱን ስትረከቡ በዓይን ይታይ የነበረ ጉድለት በዚህ ዋስትና አይሸፈንም። ሕጉ የሚጠብቃችሁ ከተደበቀው እንጂ አይታችሁ እንዳላዩ ካለፋችሁት አይደለም። የተጣመመ በር፣ ውሃ የሚያቁር የመታጠቢያ ቤት ወለል፣ የተሰነጠቀ ልስን፤ እነዚህን ሳትናገሩ ቁልፉን ከተቀበላችሁ ተቀብላችኋቸዋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ ተቋራጭ የሚለው በራሱ ኃላፊነት አንድ ሥራ ሠርቶ ሊያስረክብ የተዋዋለን ሰው ነው። በእኛ አገር «የእጅ ዋጋ» የምንለው፣ ማለትም ሲሚንቶውንና ፌሮውን ባለቤቱ ገዝቶ ግንበኛው ሠርቶ የሚያስረክብበት ውል፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በቀን ሒሳብ የምታሠሩት ሰው ግን ሠራተኛችሁ ነው፤ ኃላፊነቱ ወደ እናንተው ይዞራል። በየከተማው የምናየው ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ ግማሹ በእጅ ዋጋ፣ ግማሹ በቀን፣ ሁሉም በቃል።

ስለዚህ በወረቀት ላይ አሥር ዓመት ያለው ጋራንቲ በተግባር የሚያበቃው አንድ ቀን ነው፦ የመጨረሻዋን ብር የከፈላችሁ ቀን። ከዚያ በኋላ ግንበኛው ስልክ የሚያነሳበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ቢቸና እንሂድ። አባይን ተሻግሮ ደጀንን ያለፈ፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ የእነማይን ሜዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ጥቁር ነው። ዋልካ። ለጤፍ የተባረከ፣ ለቤት ደግሞ ጠላት። የአፈር ተመራማሪዎች ቬርቲሶል ይሉታል። ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዓይነት ስለበዛበት ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ልጅ ሆነን የካቲትና መጋቢት ላይ ሜዳው ሲሰነጠቅ ዱላ ሰድደን ጥልቀቱን እንለካ ነበር፤ ዱላው ያልቅ ነበር እንጂ ስንጥቁ አያልቅም።

እንዲህ ያለ መሬት ላይ የቆመ ቤት በየዓመቱ አንዴ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዴ ወደ ታች ይለቀቃል። እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ችግር የለም። የቤቱ ዙሪያ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የመሐሉ አፈር ግን በጣራው ተከልሎ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ መሐሉ ይቀመጣል። አያቶቻችን በእንጨትና በጭቃ የሠሩት ቤት ይህን ይችለዋል፤ ማገሩ ይለመጣል፣ ጭቃው ሲሰነጠቅ በዓል ሲደርስ ይመረጋል። ብሎኬት ግን አይለመጥም። ይሰበራል።

የአክስቴ ልጅ የሠራችው የብሎኬት ቤት ነው። ስምንት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው በሙሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ሥራው ኅዳር ላይ ተጀምሮ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አለቀ። እሷ የመጣችው ጥቅምት ነው። ከእጅ ዋጋው 60 ሺህ ብር «ስመጣ እከፍላለሁ» ብላ ስላቆየች፣ ሳታስበው ቤቱ አንድ ክረምት አለፈበት። አገር በገባች በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ።

«አንተ፣ ሰውየው ብሬን እያለ ጠዋት ማታ በር ላይ ነው። ልክፈለው ወይስ ቆይ ልበለው?»

«እትዬ፣ እንዳትከፍይ። እኔ እስክመጣ ቡና ጋብዥው።»

እኔ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ የሚሠራ፣ ሲቪል ምህንድስና የተማረ ጓደኛዬን ለምኜ ይዤ ሄድኩ። በእኛ ከተሞች «የቤት መርማሪ» የሚል ታፔላ አይቼ አላውቅም፤ አሜሪካ ቢሆን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚያ ብዙ ቤት ሠሪዎች የሚሰጡት ዋስትና አንድ ዓመት ስለሆነ፣ ባለቤቶች ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው መርማሪ ይቀጥራሉ፤ «የአሥራ አንደኛው ወር ፍተሻ» ነው የሚሉት። የእኛው የመንግሥት ግንባታም ከዚህ የራቀ አይደለም። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲሠራ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጠበቃል፣ ከክፍያው የተያዘ ገንዘብ ይኖራል፣ ጉድለቱ ከተስተካከለ በኋላ የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል። መንግሥት ለራሱ ያወቀበትን ነገር ለራሳችን ቤት የማናውለው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ከከተማው አስተዳደር ሰው መጥቶ ቧንቧችሁን ከፍቶ ያያል ብላችሁም አትጠብቁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲመድብ፣ ተራው ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት የገባው በዝቅተኛው በ«ሀ» ምድብ ነበር። ለግንባታ ፈቃዱ ፕላን ታስገባላችሁ፤ ልስኑ ስር ያለውን የማየቱ ሥራ ግን የእናንተው ነው።

ፍተሻው አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀ። የያዝነው ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሜትር፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ብይ እና ሁለት ስልክ ነው። ብይዋ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ተመልሳለች።

ከውጭ ነው የጀመርነው። ጓደኛዬ ወደ ቤቱ ሳይገባ አንዴ ዞረውና የኋለኛው ማዕዘን ላይ ቆመ። የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወጣ ስንጥቅ ነበር። ውስጥ ስንገባ ያው ስንጥቅ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነስቶ አግድም ዘመም እያለ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል። ስፋቱን ለካነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል።

እዚህ ጋ አንድ ጠቃሚ ነገር ተማርኩ። ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። እንግሊዞች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ሚዛን አለ፦ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ያለው የቀለም ጉዳይ ነው፤ እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ያለው ቀላል የሚባል ነው፣ ተሞልቶ ይታደሳል፤ ከአምስት እስከ 15 ያለው ግንቡን ከፍቶ መጠገን ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ጸጉር መሰል ስንጥቅ ሲሚንቶው ቶሎ በመድረቁ የመጣ ነው፤ ያስቀይማል እንጂ አይጥልም። አግድም የሚሄደው፣ ከመስኮትና ከበር ጥግ የሚነሳው፣ በውጭም በውስጥም የሚታየው ግን ከመሠረቱ የመጣ ወሬ ነው።

የእኛው በስፋቱ ቀላል ነው። ጥያቄው ቆሟል ወይስ ገና እየሄደ ነው የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በአንድ ጠዋት ማንም ሊያውቀው አይችልም። ጓደኛዬ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን ጻፈበት፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ጂፕሰም ለጠፈ። ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጂፕሰሙ ይሰበራል። ማስመሪያ ከጎኑ ይዘን ፎቶ አነሳነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የጣራው ውሃ በሙሉ በአንድ አሸንዳ ተሰብስቦ የሚወርደው እዚያው ማዕዘን ላይ፣ ከመሠረቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። የቤቱ ዙሪያ የሲሚንቶ ንጣፍ የለውም። ሙሉ ክረምቱን የጣራው ዝናብ አንድ ማዕዘን ስር ያለውን ዋልካ ሲያጠጣ ከርሟል። ከዚያው ማዕዘን ትይዩ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ እሱ ይመጠዋል። ክረምት በአሸንዳ ማሳበጥ፣ በጋ በባሕር ዛፍ ማድረቅ። የሚገርመው፣ የእነማይ ገበሬ ዋልካ ላይ ሲዘራ ውሃው እንዲወርድለት ፈሰስ ሳያወጣ አይውልም። ለጤፍ የምናደርገውን ለቤት አላደረግንም።

የቀረው ቶሎ ይነገራል። ብይዋን የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ስንለቃት ወደ ፍሳሹ መሄድ ሲገባት ወደ በሩ ተንከባለለች፤ ባልዲውን ደፍተን አረጋገጥን፣ ውሃው ኮሪደር ላይ ወጣ። ሴራሚኩን በሳንቲም ስንመታው አራቱ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ዕቃ ጮኹ። ሳሎን ኮርኒሱ ላይ የሻይ ዕድፍ የመሰለ ክብ አለ፤ ጣራ ላይ ወጥተን ስናይ ከጎማ ዋሸር ውጭ የተመቱ ምስማሮች አገኘን። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሶኬቱ ነው፦ ሦስተኛው የኧርዝ መስመር ከምንም ጋር አልተያያዘም። ምጣድና የውሃ ማሞቂያ በሚሰካበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ሰውየው ከሰዓት መጣ። ስድሳ የተጠጋ፣ ግማሽ ቢቸናን እኔ ነኝ የሠራኋት የሚል፣ ደግሞም ውሸቱን ያልሆነ ባለሙያ ነው። ስንጥቁን አይቶ ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ አገር ያልተሰነጠቀ ቤት ካለ አሳየኝና እኔ በነጻ አፍርሼ ልሥራላችሁ።»

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ሁሉም ይሰነጠቃል። እኛ የምንለው ይኼኛው እዚህ ላይ ይቆማል ወይ ነው።»

«መሬቱን እኔ አልፈጠርኩት።»

ያዟት ያልኳችሁ ቃል የተፈለገችው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ «የመሬት ጠባይ» ብሎ በስሙ ጠርቶታል፤ መሬቱን አለመፍጠሩ አያድነውም፤ ዋልካ እንደሆነ እያየ መሥራቱ ይይዘዋል። ግን ይህን በሕግ ቁጥር ብነግረው ኖሮ ነገሩ ወዲያው ወደ ክስ ይሄድ ነበር። አክስቴ ናት ያዳነችን። ሁለት ሽማግሌ አስጠራች፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈን፣ ፎቶዎቹን በስልክ እያሳየን አንድ በአንድ አየን። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል፣ ሴራሚኩን፣ ምስማሮቹንና ኧርዙን በሁለት ሳምንት ሊያስተካክል ተስማማ። አሸንዳውን በቱቦ ከቤቱ አርቆ ማውረዱንና የዙሪያውን ንጣፍ እሱ በእጁ፣ እኛ በሲሚንቶው ተካፈልን። ንጣፉ ከመጀመሪያውም በቃል ውሉ ውስጥ ስላልነበረ ይህ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ከ60 ሺሁ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሹ ደግሞ መጋቢት መጨረሻ ላይ ስንጥቁ ታይቶ እንዲከፈል ተጻፈ። ሁሉም ፈረሙ።

ለምን መጋቢት? ዋልካ ላይ ያለ ቤት ራሱን የሚገልጠው ሁለት ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አብጦ፣ በጋው ሊወጣ ሲል ተኮማትሮ። ሰኔ ላይ የተረከበ ሰው ያየው የቤቱን ፎቶ ነው፤ ቤቱን ገና አላየውም።

በዚያው ጉዞ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ወረድኩ። የእናቴ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ቤት ሠርተው ገብተው ነበርና እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነው የሄድኩት። ማዘርዬ በር ላይ ሲቀበሉኝ ፊታቸው ደስ አላለኝም።

እሳቸው ሚያዝያ ላይ ሁሉንም ከፍለው ነው የተረከቡት። «ጨዋ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፣ ብሩን ለምን አንጠለጥልበታለሁ» ብለው። የእሳቸው ችግር አፈር አይደለም። ግቢ ውስጥ ሮቶ የሚቀመጥበት የኮንክሪት ማማ አለ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ያን የሚሸከሙት አራት ቀጫጭን ኮለኖች ናቸው። ነሐሴ ላይ የአንዱ ልስን ረገፈ። ከሥሩ የታየው ጠጠሩና ሲሚንቶው በደንብ ሳይዋሃድ ቀርቶ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ኮንክሪት ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ፌሮው ዝጎ ይታያል። ያ ቀዳዳ ካሳፎርማው በተነሳበት ቀን ታይቷል። ያየው ሰው ነው በልስን የሸፈነው።

ይህ ትክክለኛው የተደበቀ ጉድለት ነው፤ ሕጉ የአሥር ዓመት ዋስትና የሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። መብቱ አላቸው። ያጡት ማስረጃውን ነው። የጽሑፍ ውል የለም፣ የርክክብ ወረቀት የለም፣ ኮለኑ ሲሞላ የተነሳ ፎቶ የለም። ሰውየው ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ ቢከፍቱ እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ቤቱን እሱ ለመሥራቱ ምን አለዎት?» ተብለው ነው። ማዘርዬ ሮቶውን አውርደው መሬት ላይ አስቀምጠዋል። ውሃ በጀሪካን ወደ ማዕድ ቤት ያስገባሉ። በ64 ዓመታቸው።

የዩኒቨርሲቲ ትዝታዬ የሚቀሰቀሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ኖቤል አሸለመው። ነገሩ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ነው የሚሰጠው። ያን ጊዜ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ይከስርና ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ውዳቂው ነው። መኪናን በግንበኛ ቀይሩት። ሞጣ ውስጥ ኮንክሪቱን ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ የሚያጠጣ፣ እስታፋውን አጠጋግቶ የሚያስር ባለሙያ አለ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ልስን ስር ያለውን ማንም ስለማያይለት ግን ሥራውን የሚወስድበት በርካሽ የሚሠራው ነው። ፍተሻ ማለት ግንበኛን መጠርጠር የሚመስላቸው አሉ። እኔ የማየው ተገላቢጦሹን ነው፤ ፍተሻ በሌለበት የሚጎዳው ጎበዙ ግንበኛ ነው።

ፈረንሳዮች በ1978 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ የአሥር ዓመቱን ተጠያቂነት ከግዴታ መድን ጋር አያያዙት፤ ግንበኛው ቢጠፋ እንኳ መድን ድርጅቱ አይጠፋም። እንግሊዝ አገርም በአዲስ ቤት ላይ የአሥር ዓመት ሽፋን የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጉድለት ቤት ሠሪው ራሱ ያስተካክላል። እዚህ ለተራ ሰው ቤት እንዲህ ያለ መድን እስኪመጣ መድናችን በእጃችን የያዝነው ቀሪ ክፍያ ነው። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ፣ ገና መሠረት ሳይቆፈር፣ ከእጅ ዋጋው አሥር በመቶ አንድ ክረምትና አንድ በጋ እስኪያልፍ ይቆያል ብላችሁ አጽፉ። መጨረሻ ላይ ብትጠይቁ ጸብ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ብትጠይቁ ዋጋ ነው። ግንበኛው ምናልባት ትንሽ ይጨምርባችኋል። ይጨምር።

ስልካችሁን ደግሞ አሠሩት። ቲክቶክ ላይ የቤት ምረቃ ከመለጠፋችሁ በፊት የመሠረቱን ጉድጓድ፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የታሰረውን ፌሮ ከሜትር ጋር፣ ካሳፎርማው በተነሳ ሰዓት ኮለኑን በአራቱም ጎን፣ ከመለሰኑ በፊት የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩን ፎቶ አንሱ። ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ነገር የለም፤ ካሜራ ያለ ዳታ ይሠራል። ፎቶዎቹ ቀናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ስልኩ ቢጠፋ ግን አብረው ይጠፋሉና በፍላሽ ወይም በዘመድ ስልክ ቅጂ አስቀምጡ። የተከፈለውን ሁሉ በባንክ አድርጉት፤ «ለቤት ሥራ» ተብሎ የተላከ ብር ማዘርዬ ያጡት ማስረጃ ነው። ቤቱን የምታሠሩት ከውጭ ሆናችሁ ከሆነ በቪዲዮ ጥሪ «አምሯል» የሚላችሁን ዘመድ ትታችሁ ለአንድ መሐንዲስ የአንድ ቀን ዋጋ ክፈሉ። የአክስቴ ልጅ ለጓደኛዬ የከፈለችው ከአንድ የእንጨት በር ዋጋ ያነሰ ነው።

ሞጣ ላይ ኮለኑን በፎቶ ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ። ጥር ላይ ራሱ ሄዶ ሊያየው ቃል ገብቷል፤ ሌሎቹም ሦስቱ ኮለኖች ልስናቸው ተነስቶ መታየት አለባቸው ብሏል። ማዘርዬ የባንክ ደብተራቸውን አውጥተው በግንበኛው ስም የላኩትን ሁለት ክፍያ አግኝተዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው በእጅ ነበር። አብረውት ከሠሩት የቀን ሠራተኞች አንዱ እዚያው ሰፈር ስላለ፣ ምስክር ሊሆን ይችል እንደሆነ እየጠየቁት ነው።

ከቢቸና ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ ፎቶ ይመጣልኛል። የኅዳሩ ላይ ጂፕሰሙ ደኅና ነው። የታኅሣሡ ላይ መሐሉ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር ይታያል። በጋው ገና ነው፤ 30 ሺህ ብሩም እትዬ ደብተር ውስጥ አለ።